ስሙን ማን አወጣው? የካሊፎርኒያ «ፕሮፖዚሽን 22» እና ወጪ የሚያዘዋውሩ ቃላት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ መራጭ እጅ በገባው ወረቀት ላይ ግን በስም የተጣሉት አምስት የአፕ ኩባንያዎችና የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። ኡበር፣ ሊፍት፣ ዶርዳሽ፣ ኢንስታካርትና ፖስትሜትስ ገንዘብ ያፈሰሱበት፣ ለሕዝበ ውሳኔ የቀረበው «ፕሮፖዚሽን 22» የተባለ ረቂቅ ሕግ ራሱን «በአፕ የሚሠሩ ሾፌሮችንና አገልግሎቶችን መጠበቂያ ሕግ» ብሎ ይጠራል። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሃቪየር ቤሴራ ለድምፅ መስጫው ያወጡለት ርዕስ ደግሞ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በአፕ የሚሠሩ የትራንስፖርትና የዕቃ ማድረሻ ኩባንያዎችን ለአንዳንድ ሾፌሮች የተቀጣሪ ጥቅማጥቅም ከመስጠት ነፃ ያደርጋል» የሚል ነው። ሕጉ ያው አንድ ሕግ ነው፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አልተለወጠችም። በመጀመሪያው ስም ግን የሚጠበቀው ሾፌሩ ነው፤ በሁለተኛው ከግዴታ የሚወጣው ኩባንያው ነው።

ደጋፊዎቹ ርዕሱ አድሏዊ ነው ብለው ሳክራመንቶ ላይ ክስ አቀረቡ፤ ፍርድ ቤቱ ርዕሱን አጸናው። በወረቀቱ ላይ ተሸነፉ፤ ከወረቀቱ ውጪ ባለው ቦታ ሁሉ ግን፣ በቴሌቪዥን፣ በፖስታ ሳጥን፣ በስልክ ስክሪን፣ የራሳቸውን ስም ይዘው ወጡ። ለዘመቻው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈሰሰ፤ ተቃዋሚዎቹ በአብዛኛው ከሠራተኛ ማኅበራት ያሰባሰቡት 20 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በካሊፎርኒያ ታሪክ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ሕዝበ ውሳኔ አልነበረም። ኖቬምበር 3 ቀን 2020 ላይ 58.6 ከመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ «ይሁን» አለ።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲያትል፣ በሎስ አንጀለስና በኦክላንድ ከመሪው ኋላ የተቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ አማርኛ ተናጋሪ ስለሆነ ነገሩ ለብዙ አንባቢ የቤት ጉዳይ ነው። ካሊፎርኒያን እዚህ የምንመረምረው ግን ሌላም ምክንያት ስላለን ነው። ኩባንያዎች በፖለቲካ ላይ ስላላቸው ተጽዕኖ ሲወራ ሰው የሚያስበው ስለ ገንዘብ ነው፤ ማን ለማን ስንት ሰጠ። ገንዘቡ የገዛው ግን በዋናነት ቃል ነው። እያንዳንዱ ቃል ደግሞ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ የሚዘዋወር፣ በዶላር ሊሰላ የሚችል ወጪ ተሸክሟል። ቃሉን ከወጪው ጋር አያይዞ ማንበብ የቻለ ሰው በማስታወቂያው አይሞኝም።

ከ«ሊፍት መስጠት» እስከ «ፕላትፎርም»

አዲስ አበባ ውስጥ «ሊፍት ስጠኝ» ያለ ሰው ሒሳብ አይጠየቅም። ውለታ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሊፍት የተባለው ኩባንያ በ2012 ሲጀምር የተጠቀመበት ስሜት ይኸው ነበር፤ መፈክሩ «መኪና ያለው ጓደኛህ» ይል ነበር፣ ተሳፋሪው ከፊት ወንበር ይቀመጣል፣ ከሾፌሩ ጋር ጡጫ ለጡጫ ሰላምታ ይለዋወጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚከፈለው ገንዘብ ስሙ ታሪፍ አልነበረም፤ «መዋጮ» ነበር። ለምን መዋጮ? ታሪፍ የሚያስከፍል መኪና ታክሲ ነው፤ ታክሲ ከሆነ ፈቃድ፣ የንግድ ኢንሹራንስና ቁጥጥር ይከተለዋል። መዋጮ የሚቀበል ሰው ግን ጎረቤቱን አደረሰ እንጂ አልነገደም። የግዛቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2012 መጨረሻ ሊፍትን፣ ሳይድካርንና ኡበርን እያንዳንዳቸውን 20,000 ዶላር ቀጣ። በሴፕቴምበር 2013 ደግሞ ራሱ ኮሚሽኑ «የትራንስፖርት ኔትወርክ ኩባንያ» የሚል አዲስ የሕግ መደብ ፈጠረላቸው። ታክሲም ሳይባሉ፣ ሊሙዚንም ሳይባሉ፣ ስማቸው ቀድሞ ሄዶ ሕጉ ተከተለው።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ቃላት በአንድ መስመር ማሰለፍ ይቻላል። ሾፌሩ «አጋር» ተባለ፤ አጋር ደመወዝ አይጠይቅም። ሥራው «ጊግ» ተባለ፤ ጊግ ሙዚቀኛ ለአንድ ምሽት የሚያገኘው ሥራ ነው፣ በሳምንት 50 ሰዓት የሚነዳን ሰው አይገልጽም። መባረር «ዲአክቲቬሽን» ሆነ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፣ ግን ልዩነቱ ከባድ ነው። የተባረረ ሰው ምክንያት ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ የሥራ አጥ ኢንሹራንስ ያመለክታል። አካውንቱ የተዘጋበት ሰው ግን ኢሜይል ጽፎ መልስ ይጠብቃል፤ የተዘጋው አካውንት ነው፣ ሰው አይደለማ።

እነዚህ ቃላት ከማስታወቂያ ክፍል የመነጩ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አብዛኞቹ ግን መጀመሪያ የወጡት ከጠበቆች ጠረጴዛ ነው። ለዚህ ጥሩው ማስረጃ «እኛ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ነን» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው።

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2018 ዳይናሜክስ በሚባል የዕቃ አድራሽ ኩባንያ ጉዳይ ላይ «ኤቢሲ» የተባለ መመዘኛ ደነገገ። ሠራተኛን ተቀጣሪ አይደለም ማለት የፈለገ ድርጅት ሦስት ነገር ማሳየት አለበት። አንደኛ፣ ሰውየው ሥራውን ሲሠራ ከድርጅቱ ቁጥጥር ነፃ ነው። ሁለተኛ፣ የሚሠራው ሥራ ከድርጅቱ የተለመደ ሥራ ውጪ ነው። ሦስተኛ፣ ሰውየው በዚያው ሙያ ራሱን ችሎ የቆመ የራሱ ንግድ አለው። ከሦስቱ አንዷ ከጎደለች ተቀጣሪ ነው። የግዛቱ ምክር ቤት ይህንኑ በ2019 «ኤቢ 5» በሚል ሕግ አጸደቀ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ፕሮፖዚሽን 22 የአፕ ሾፌሮችን ከዚህ ሕግ ለማውጣት የቀረበ ነው።

ሁለተኛዋን ነጥብ እንያት። ዳቦ ቤት ቧንቧ ሠሪ ቢጠራ ቧንቧ ሠሪው ተቀጣሪ አይደለም፤ ዳቦ ቤቱ የሚሸጠው ዳቦ ነውና። ጋጋሪው ግን ተቀጣሪ ነው። ታዲያ ሰው የሚያመላልስ ኩባንያ ሾፌርን «ከተለመደ ሥራዬ ውጪ ነው» ሊል የሚችለው እንዴት ነው? ሥራዬ ሰው ማመላለስ አይደለም በማለት ብቻ ነው። ኤቢ 5 ከመጽደቁ ጋር ተያይዞ የኡበር ዋና የሕግ ኃላፊ ያሉት ይህንኑ ነበር፦ የኡበር ሥራ ለልዩ ልዩ ዲጂታል ገበያዎች የቴክኖሎጂ መድረክ ሆኖ ማገልገል ነው። በማስታወቂያና በቃለ መጠይቅ የምንሰማው «ፕላትፎርም» የሚለው ቃል ይህችን የሕግ ነጥብ ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

ዳኞች ይህን ቀድመውም ሰምተውት ነበር። የፌዴራል ዳኛው ኤድዋርድ ቼን በ2015 በሰጡት ውሳኔ «የሎው ካብ» የተባለው የታክሲ ድርጅት ታክሲዎቹን በሬዲዮ ስላሰማራ የቴክኖሎጂ ኩባንያ እንደማይባል ሁሉ ኡበርም አይባልም ብለዋል። በ2016 የለንደን የሥራ ክርክር ችሎት ደግሞ ቀልድም ጨመረበት፦ ኡበር ለንደን ውስጥ በአንድ መድረክ የተያያዙ የ30,000 ትናንሽ ንግዶች ስብስብ ነው የሚለው ሐሳብ ትንሽ አስቂኝ ነው አለ። ሰውን ከቦታ ቦታ የሚያጓጉዝ ድርጅት በሰነዱ ውስጥ ልብ ወለድ፣ የተጣመመ ቋንቋና ጭራሽ አዲስ የቃላት ስብስብ ካበዛ በጥርጣሬ መታየት ይገባዋል ብሎም ጻፈ። ችሎት ስለ ቋንቋ እንዲህ በግልጽ ሲናገር ብዙ አይገጥምም።

ሕጉን ማን ጻፈው፣ ርዕሱንስ?

በካሊፎርኒያ ሕግ በምክር ቤት ብቻ አይወጣም። ማንኛውም ቡድን የሕጉን ቃል ራሱ ጽፎ፣ 2,000 ዶላር ከፍሎ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያስገባል። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ከ100 ቃል የማይበልጥ ርዕስና አጭር መግለጫ ያዘጋጃል። ከዚያ ፊርማ ይሰበሰባል፤ ለ2020 የሚያስፈልገው 623,212 ትክክለኛ ፊርማ ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜም በክፍያ የሚሠሩ ሰብሳቢዎች በየሱፐርማርኬቱ በር ቆመው ይሰበስቡታል። የምክር ቤቱ የበጀት ተንታኝ ቢሮ የገለልተኛ ትንታኔ ይጨምራል። ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ለ20 ቀን ለሕዝብ ዕይታ ይቀርባል፤ ርዕሱ ተንጋዷል የሚል ክስ የሚቀርበው በእነዚህ ቀናት ነው።

በዚህ ሂደት ኩባንያው የማይቆጣጠረው ነገር ርዕሱን፣ መግለጫውንና የተንታኙን ገጾች ብቻ ነው። የሕጉ አካል፣ የዘመቻው ስም፣ የማስታወቂያው ቃል በሙሉ የራሱ ነው። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉስ ገለልተኛ ነው ወይ? ተመርጦ የሚሾም ፖለቲከኛ ነው፤ ቤሴራ ዴሞክራት ነበሩ፣ ማኅበራቱም የዴሞክራቶች ወዳጅ ናቸው፤ ደጋፊዎቹ ያማረሩት ከመሬት ተነስተው አልነበረም። ተቃዋሚዎችም ቢሆኑ የራሳቸው ቃል ነበራቸው። «በሐሰት መመደብ» የሚለው የሠራተኛ ማኅበራት አባባል ክርክሩ ሳይጀመር ፍርዱን ይሰጣል፦ ሐሰት ከተባለ በኋላ ምን ክርክር አለ? እኛ የምንለው፣ ከሁለቱ ርዕሶች የቤሴራው ይበልጥ ጠቃሚ የሚሆነው ሕጉ *ማድረግ* የሚችለውን ስለሚናገር ነው። «ነፃ ያደርጋል» ግስ አለው፣ ባለቤትም ተሳቢም አለው፤ ማን ከምን ነፃ እንደሚወጣ ይታያል። «ይጠብቃል» ደግሞ ከምን እንደሚጠብቅ አይናገርም።

የሕጉ አካል ውስጥ ግን ከርዕሱ የበለጡ ቃላት አሉ። ሦስቱን ቀረብ ብለን እናያለን።

«120 ከመቶ»፣ «የተያዘ ሰዓት»፣ «የተጣራ ገቢ»

ማስታወቂያው ለሾፌሮች ከዝቅተኛው ደመወዝ 120 ከመቶ ዋስትና ይሰጣል ይላል። ቁጥሩ እውነት ነው። የሚባዛው ግን በሥራ ሰዓት አይደለም፤ «በተያዘ ሰዓት» ነው። የተያዘ ሰዓት ማለት ሾፌሩ ጥሪ ከተቀበለበት ደቂቃ ተሳፋሪው እስከሚወርድበት ድረስ ያለው ነው። አፑን ከፍቶ ኤርፖርት ወረፋ ላይ የቆመበት፣ ከአንዱ ጥሪ ወደ ሌላው ቀጠና የሚመለስበት አይቆጠርም። ደንበኛው ጥሪውን ከሰረዘ በኋላ ያለው ጊዜም አይቆጠርም። «የተጣራ ገቢ» የሚለው ቃል ደግሞ የባሰ ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተጣራ ሲባል ወጪ የተቀነሰለት ይመስላል። በሕጉ ትርጉም ግን የተጣራ ገቢ ማለት ቲፕ፣ የመንገድ ክፍያና የኤርፖርት ክፍያ የወጣለት ነው፤ ቤንዚን፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስና የመኪናው ማርጀት አልተቀነሰም። ለመኪናው ለብቻ መጀመሪያ ላይ በማይል 30 ሳንቲም ይታሰብ ነበር፤ እሱም ጥሪ ላይ ለተነዳው ማይል ብቻ። በየጊዜው ከዋጋ ንረት ጋር ከፍ ይላል።

አንድ ሳምንት እናስላ። አፑ 40 ሰዓት ተከፍቶ ቆየ፤ 27ቱ የተያዘ ሰዓት፣ 13ቱ ጥበቃ። መኪናው 500 ማይል ሄደ፤ 300ው ጥሪ ላይ፣ 200ው ባዶውን። በ2021 ለትልልቅ ቀጣሪዎች የካሊፎርኒያ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 14 ዶላር ስለነበር 120 ከመቶው 16.80 ይሆናል።

16.80 በ27 ሲባዛ 453.60 ዶላር። 300 ማይል በ30 ሳንቲም 90 ዶላር። ድምር 543.60። የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱ ለ2021 የመኪና ወጪን በማይል 56 ሳንቲም ገምቶታል፤ ለ500 ማይል 280 ዶላር። ይህ ሲቀነስ 263.60 ይቀራል፤ ለ40 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 6.59። አላለቀም። ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው የሚሰጠውን 1099 የተባለ የግብር ቅጽ የሚቀበል ሰው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብሩን የቀጣሪውንም ድርሻ ጨምሮ 15.3 ከመቶ ራሱ ይከፍላል፤ ከትርፉ 92.35 ከመቶው ላይ ተሰልቶ እዚህ 37 ዶላር ገደማ ነው። የመጨረሻው በሰዓት 5.66 ይመጣል።

ያው ሰው ደብሊው 2 የተባለውን የደመወዝተኛ ቅጽ የሚቀበል ተቀጣሪ ቢሆንስ? 40 ሰዓት በ14 ዶላር፣ 560። የሥራ ወጪውን ቀጣሪው የመመለስ ግዴታ በካሊፎርኒያ የሥራ ሕግ ስላለበት 280ው ለብቻው ይተካል። የሠራተኛው ድርሻ ግብር 7.65 ከመቶ፣ 42.84 ዶላር። ቀሪው በሰዓት 12.93 ነው፤ የትርፍ ሰዓት፣ የሕመም ፈቃድና የሥራ ላይ ጉዳት መድን ሳይቆጠር።

ሁለት ማሳሰቢያ። ይህ ሾፌር ያገኛል የምንለው ገቢ አይደለም፤ ሕጉ የሚሰጠው *ወለል* ነው። ዓርብ ማታ ጥሩ የሠራ ሾፌር ከወለሉ በላይ ስለሚሆን ዋስትናው አይመለከተውም። ሌላው፣ 56 ሳንቲም አማካይ ነው፤ ዕዳው ያለቀ አሮጌ ፕሪየስ የሚነዳ ሰው በማይል ከዚህ ያነሰ ያወጣል፣ በብድር አዲስ ኤስዩቪ የገዛ ደግሞ የበለጠ። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሠራተኛ ጥናት ማዕከል ሁለት ተመራማሪዎች በ2019 በራሳቸው ግምቶች ሠርተው የወለሉ እውነተኛ ዋጋ በሰዓት 5.64 ዶላር ነው ብለው ነበር፤ ኩባንያዎቹ አልተቀበሉትም። የክርክሩ ቁልፍ ሁልጊዜ ያችው ናት፦ የጥበቃ ሰዓት ሥራ ነው ወይስ አይደለም?

የጤና ድጎማውም እንዲሁ ነው። በሩብ ዓመቱ በአማካይ በሳምንት 25 የተያዘ ሰዓት ያለው ሙሉውን፣ ከ15 እስከ 25 ያለው ግማሹን ያገኛል። ግን ድጎማው የሚሰጠው በራሱ ስም ኢንሹራንስ ለገዛ ነው። ሜዲካል በተባለው የግዛቱ የድሆች የጤና መድን ላይ ያለ ዝቅተኛ ገቢ ሾፌር፣ በሚስቱ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ የገባ ሾፌር፣ አያገኝም። ለእሱ «የጤና ድጎማ» የሚለው ቃል ላም አለኝ በሰማይ ነው።

«የራሴ አለቃ ነኝ»

በዘመቻው ውስጥ ጉልበት የነበረው ቃል ገንዘብ አልነበረም። «ፍሌክሲቢሊቲ» ነበር፤ በፈለጉት ሰዓት መግባት መውጣት። ይህ ተራ ማታለያ ነው ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ ቀን ኮሌጅ የሚማር፣ ለሁለት ወር አገር ቤት ሄዶ የሚመለስ ሰው ይህ ነገር በተግባር ይጠቅመዋል። በአማርኛ ደግሞ ቃሉ የባሰ ክብደት አለው። «ተቀጣሪ» እና «የራሱ ሥራ ያለው» በእኛ ሰፈር እኩል ስም አይደሉም። «የራሴ አለቃ ነኝ» የሚል ሾፌርን ሰነድ አውጥቶ «አይደለህም፣ ተቀጣሪ ነህ» ማለት መብት እንደመስጠት ሳይሆን ማዕረግ እንደመግፈፍ ሊሰማው ይችላል። ማኅበራቱ ይህን ዘግይተው ነው የተረዱት።

ኤቢ 5 ውስጥ ግን ተቀጣሪ የሆነ ሰው ሰዓቱን መምረጥ አይችልም የሚል አንቀጽ የለም። ፈረቃ የመደልደሉ ውሳኔ የቀጣሪው ነው። ኩባንያዎቹ ሾፌሮች ተቀጣሪ ከሆኑ ፈረቃ እናበጃለን፣ ቁጥራቸውንም እንቀንሳለን ማለታቸው ከንግድ ስሌት አንፃር ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ለጥበቃ ሰዓት የሚከፍል ድርጅት ሥራ ፈት ሾፌር መንገድ ላይ አይፈልግም። ችግሩ የኩባንያው ምርጫ የሆነው ነገር በማስታወቂያው የሕጉ ትእዛዝ ሆኖ መቅረቡ ነው። «ሕጉ ነፃነትህን ይነጥቅሃል» እና «ሕጉ ከተተገበረብን እኛ ነፃነትህን እንቀንሳለን» መካከል ያለው ርቀት የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ለውጥ ነው። በኦገስት 2020 አንድ ዳኛ ኤቢ 5ን አክብሩ ብሎ ሲያዝ ኡበርና ሊፍት አገልግሎት እናቋርጣለን አሉ፤ ይግባኝ ሰሚው ሲያግድላቸው ቀጠሉ። በዜናው ውስጥ ግን «አገልግሎቱ ሊቋረጥ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር የበዛው። ማን ሊያቋርጠው ነው? ግሱ አድራጊውን ደብቋል። አማርኛም በ«ተ» ይህን አሳምሮ ይሠራዋል፦ ተወሰነ፣ ተቋረጠ፣ ተቀነሰ።

ተናጋሪው ማን ነው?

ካሊፎርኒያ ከ2018 ጀምሮ የፖለቲካ ማስታወቂያዎች ሦስቱን ዋና ገንዘብ ሰጪዎች በግልጽ እንዲያሳዩ ታስገድዳለች። ስለዚህ የ22 ማስታወቂያዎች ግርጌ ላይ ኡበር፣ ሊፍትና ዶርዳሽ ተጽፈዋል። ከስማቸው በፊት ግን የኮሚቴው ስም ይመጣል፣ እሱም የሾፌሮች፣ የትናንሽ ንግዶችና የማኅበረሰብ ድርጅቶች ጥምረት እያለ ይረዝማል። ዓይን የሚያርፈው መጀመሪያው ላይ ነው፤ ከኋላ ያለውን ለማንበብ ማስታወቂያውን ማቆም ያስፈልጋል።

በፖስታ የመጡት ደግሞ የሚከፈልባቸው «የመራጮች መመሪያ» ካርዶች ናቸው። አንዱ የሴናተር በርኒ ሳንደርስን ደጋፊዎች መፈክር ርዕሱ ያደረገ ነበር፤ ካርዱ 22ን ይደግፋል፣ ሳንደርስ ግን ይቃወሙ ነበር። በካሊፎርኒያ ይህ ሕጋዊ ንግድ ነው፤ ከፍለው ከገቡት ስሞች አጠገብ የምታርፈው ትንሽ ኮከብ ናት ማስጠንቀቂያው። በአፑም ውስጥ ተሳፋሪው መኪና ሲጠራ ስለ ዋጋ መናርና ረጅም ጥበቃ፣ ሾፌሩ ሥራ ሲጀምር ስለ 22 መልእክት ይመጣለት ነበር። ሾፌሮች ከሰው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ እገዳ አልሰጠም።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ማጣራት የሚችል መራጭ አለ? ቀለል ያለ መንገድ አለ። አንድ ኩባንያ ለሕዝብ የሚናገረውንና ለባለአክሲዮን የሚጽፈውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ለባለአክሲዮን የሚዋሽ ድርጅት ይከሰሳል፤ ስለዚህ እዚያ ቋንቋው ይደርቃል፣ እውነቱ ይወጣል። ኡበር በ2019 አክሲዮን ገበያ ሊገባ ሲል ባስመዘገበው ሰነድ ሾፌሮች ተቀጣሪ ናቸው ከተባለ ንግዱ እንደሚጎዳ ጽፏል። እዚያው ሰነድ ላይ ትርፋማነቱን ለማሻሻል የሾፌሮችን ማበረታቻ ሲቀንስ የሾፌሮች ቅሬታ በጠቅላላው ይጨምራል ብሎ እንደሚጠብቅም አስፍሯል። በዚያ ገጽ ላይ አጋር የሚለው ለስላሳ ቃል ብዙ አይረዳም፤ ሾፌሩ የወጪ መስመር ነው። ሰነዱ በፌዴራሉ የአክሲዮን ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል፤ «የአደጋ ምክንያቶች» ከሚለው ክፍል መጀመር ነው።

ሌላው የሚታየው ቦታ የሕጉ የመጨረሻ አንቀጾች ናቸው፣ ማንም የማይደርስባቸው። 22 ምክር ቤቱ ሕጉን ማሻሻል የሚችለው በሰባት ስምንተኛ ድምፅ ብቻ እንደሆነ ደንግጓል። ማለትም 87.5 ከመቶ። በተግባር ከመቆለፍ አይለይም። ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ቁልፉ ለምን እንዲህ ጠበቀ የሚለው ጥያቄ በማስታወቂያዎቹ አልተነሳም፤ በተቃዋሚዎቹም በበቂ አልተነሳም።

ቃሉ ከካሊፎርኒያ ሲወጣ

በኦገስት 2021 አንድ የአላሜዳ ካውንቲ ዳኛ ሕጉ የግዛቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል አለ፤ በማርች 2023 ይግባኝ ሰሚው አብዛኛውን መለሰው፤ በጁላይ 2024 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን አጸናው። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2021 በተቃራኒው ሄደ፦ የጽሑፍ ውሉ ምንም ብሎ ቢጠራቸው የኡበር ሾፌሮች የሥራ መብት ያላቸው ሠራተኞች ናቸው፣ አፑን ከፍተው ጥሪ ለመቀበል ዝግጁ ሆነው የቆዩበት ጊዜም የሥራ ጊዜ ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ በስሙ ሳትከራከር በሒሳቡ ገባች። በዲሴምበር 2018 ያወጣችው ደንብ ሾፌር ከወጪ በኋላ በሰዓት 17.22 ዶላር እንዲያገኝ ሲወስን፣ ቀመሩ ውስጥ መኪናው ተሳፋሪ የያዘበትን የጊዜ ድርሻ አስገባ፤ ጥበቃው ሲበዛ ለአንድ ጉዞ የሚከፈለው ከፍ ይላል። ሾፌሩ በስም ተቀጣሪ አልሆነም፤ የጥበቃ ሰዓቱ ግን ዋጋ አገኘ።

ማሳቹሴትስ በጁን 2024 ከኡበርና ከሊፍት ጋር በ175 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ክሷን ስትዘጋ በሰዓት 32.50 ዶላር የሚል ቁጥር ጋዜጣውን ሞላው። ቁጥሩ ትልቅ ነው። የሚቆጠረው ግን ወደ ተሳፋሪው በሚነዳበትና ተሳፋሪ በያዘበት ሰዓት ነው፤ የካሊፎርኒያዋ ቃል በሌላ ልብስ። ካሊፎርኒያም በ2025 ሾፌሮች ማኅበር አቋቁመው በጋራ እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ በሕጉ ግን አሁንም ተቋራጮች ናቸው።

እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን ለማኅበረሰቡ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች ሦስት ቦታ ላይ ቢጠነቀቁ ይበቃል። «ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር» የሚለውን «ነፃ ሠራተኛ» ወይም «የግል ባለሀብት» ማለት ማስታወቂያውን መልሶ ማተም ነው፤ «ተቋራጭ» ብቻውን ደግሞ የሕንፃ ሥራ ያስመስለዋል። «ተቀጣሪ ያልሆነ፣ ግብሩንና ወጪውን ራሱ የሚችል» ቢባል ይረዝማል እንጂ አይዋሽም። የተያዘው ሰዓት «የሥራ ሰዓት» አይባልም፤ «ጥሪ ከተቀበሉበት ተሳፋሪው እስኪወርድ» ይባላል። የተጣራ ገቢውን ደግሞ «ያለ ቲፕ የሚሰላ፣ ቤንዚን ያልተቀነሰለት ገቢ» ብሎ መጻፍ ነው።